የእናቴ መኝታ ቤት ብሬከር

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ እኛ ቤት የከረመችው ሳሎን ሶፋ ላይ ነው። ያለን መኝታ ቤት ሁለት ነበር፤ አንዱ የእኔና የባለቤቴ፣ አንዱ የልጆቹ። "የልጅ አልጋ ቀምቼ አልተኛም" አለች፤ እሷ አልተኛም ካለች አበቃ። ሻንጣዋን ከሶፋው ኋላ አቆመችና ልብሷን ከዚያው እያወጣች፣ ወደዚያው እየመለሰች ከረመች። "ፋሲካን ውዬ እመለሳለሁ" ትላለች። አባቴ ካረፈ ወዲህ እዚያ የሚጠብቃት ባዶ ቤት ነው። እኔ እንድትቀርልኝ እፈልጋለሁ፤ አፍ አውጥቼ ብለምናት እንቢ እንደምትል ስለማውቅ ግን ከቤታችን ሥር ያለው ቤዝመንት ውስጥ መኝታ ክፍል ልሠራላት ቆረጥኩ።

ችግሩ የክፍል ብቻ አልነበረም። እናቴ አትተኛም። ድሮ የጎረቤታችን ቤት በኤሌክትሪክ ኮንታክት ሲቃጠል፣ ሰፈሩ ሁሉ ተኝቶ ሳለ ጭሱ ሸቷት፣ ጮኻ ያስነሳቻቸው እሷ ናት። ሰዎቹ ተረፉ፤ የእሷ እንቅልፍ ግን አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ነቅቶ ማደር አለበት ብላ ታምናለች፤ ያ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ እሷ ናት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና እኛ ስንተኛ ቤቱን እየዞረች ሶኬት ትነቅላለች። ቴሌቪዥኑን ትነቅላለች፣ ስልኩን ትነቅላለች፤ አንድ ቀን ፍሪጁንም ነቅላ ለልጄ ልደት የገዛሁትን ሥጋ አበላሸችው። እኔ ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ፣ ተናደድኩ። ቀን ላይ ግን ተቀምጣ ስታንቀላፋ ሳያት አንጀቴን በላችው።

ሕጉ የቤት ባለቤት የገዛ ቤቱን የኤሌክትሪክ መስመር በገዛ እጁ እንዲዘረጋ ይፈቅዳል። እኛ "የገዛ እጅ" የሚለውን ትንሽ ሰፋ አድርገን ተረጎምነው። ባለቤቴ ታክሲ የሚነዱ ጓደኞቹን በደቦ ጠራቸው። እንደ አጨዳ በሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ከአዲሱ መኝታ ቤት፣ ግማሾቹ ከኮሪደሩ ተነሥተው፣ ማን ቀድሞ መሃል ይደርሳል እየተባባሉ ሽቦ ዘረጉ። መሃል ላይ ተገናኝተው ተጨባበጡ። ኢስት ኮልፋክስ መንገድ ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት ያስመጣሁትን ጥብስ በልተው፣ ተሳስቀው፣ መርቀውን ሄዱ። ያን ቀን ቤቴ ሰው የሞላበት ቤት መሰለኝ።

መስመሩን ሊፈትሽ ከማዘጋጃ ቤት የመጣው ኢንስፔክተር ሽበታም፣ ዝግ ያለ ሰው ነው። ሥራውን አየና "ጥሩ ነው፤ የመኝታ ቤቱ ብሬከር ግን ተራ ነው" አለን፤ ችግር ሲኖር መብራቱን የሚቆርጠውን ማለቱ ነው። ደንቡ ለመኝታ ቤት የሽቦ ብልጭታን የሚለይ ብሬከር ያዛል። ለምን ለመኝታ ቤት ብቻ እንደሆነ ስጠይቀው "ሰው የሚተኛው እዚያ ስለሆነ" አለኝ። ዓርብ ተመልሶ እንደሚመጣም ነገረን።

ባለቤቴ የታዘዘውን ብሬከር ገዝቶ አስገባ። መብራቱን ሲያበራ ብሬከሩ ጧ ብሎ ወረደ። መለሰው፤ አሁንም ጧ! ዕቃው ነው ብሎ ሱቅ ወስዶ አስቀየረው፤ ሁለተኛውም ያው ሆነ። ሐሙስ ከሰዓት ላይ ባለቤቴ ትዕግሥቱ አለቀ።

"ስሚ፣ መብራቱን ሳናበራ ይሄንን ለኢንስፔክተሩ እናሳየውና፣ ሲሄድ መልሼ የድሮውን ቼንጅ አደርገዋለሁ።"

እናቴ ደረጃው ላይ ቆማ ትሰማ ኖሯል። "ምንድን ነው የምትቀይሩት?" አለች።

"እማማ፣ እርስዎ አይጨነቁ" አላት ባለቤቴ። "ዝም ብሎ ትሪፕ እያደረገ፣ መብራት እየቆረጠ ያስቸገረን ብሬከር ነው።"

እኔ ግን ሁሉንም ነገርኳት። አልጋ የሽቦ ገመድ ላይ ቢቆም፣ ገመዱ ቢላጥና ብልጭ ቢል፣ ይሄ ብሬከር ነቅቶበት እሳት ሳይነሣ መብራቱን እንደሚያጠፋ አስረዳኋት። እናቴ ብሬከሩ ያለበትን የግድግዳ ሳጥን ትኩር ብላ አየችው።

"ሌሊትም ይሠራል?"

"ሌሊትም ይሠራል እማዬ። እሱ አይተኛም።"

"ይህን ደንብ ያወጣው ሰው እሳት ያየ ሰው ነው" አለች። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረች። "ልጄ፣ እሱን ከነቀልከው እኔም እዚህ ክፍል አልገባም።"

ስልኩን አንሥቼ ለኢንስፔክተሩ ደወልኩ። ባለቤቴ ራሱን ያዘ። በእኛ ወግ ለመንግሥት ሰው ራስህ ደውለህ "አልሆነልኝም" አትልም፤ እስኪደርስብህ ትጠብቃለህ እንጂ። "እጅሽን ለካቴና ሰጠሽ" አለኝ። ሰውየው ግን ምንም አልገረመውም። "ነጩን ሽቦ ከሌላ መስመር ነጭ ሽቦ ጋር አስራችሁታል?" ብሎ ጠየቀኝ። ብሬከሩ በጥቁሩ ሽቦ የላከውን በራሱ ነጭ ሽቦ ሲመለስለት ይፈልጋል፤ ከፊሉ በሌላ መንገድ ከተመለሰ የሆነ ቦታ የፈሰሰ መስሎት ይቆርጣል አለኝ።

ሁለቱ ቡድኖች የተጨባበጡበት ቦታ ያለውን የሽቦ ማገናኛ ሳጥን ከፈትነው። የመኝታ ቤቱም የኮሪደሩም ነጭ ሽቦ ባንድ ላይ ተጠምዝዞ ታስሯል። ባለቤቴ ለጓደኛው ደውሎ ሲጠይቀው "ነጭ ከነጭ ነው ብለን ነዋ!" አለው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የእኛ ሽቦ ግን አብሮ ያሰረው ብሬከሩን ነበር። ለያየናቸውና እናቴ ራሷ ማብሪያውን ተጫነች። ክፍሉ ቦግ አለ፣ አልጠፋምም። ባለቤቴ በደስታ ግንባሯን ሳማት። በማግስቱ ኢንስፔክተሩ መጥቶ፣ ሞክሮ፣ ፈርሞልን ሄደ።

ቅዳሜ አልጋዋን ዘርግተን ሻንጣዋን አወረድንላት። ሻንጣውን ሳትከፍተው ግድግዳ ሥር አቆመችው፤ ያን ሳይ ልቤ ቅር አለው።

እሑድ እሑድ እናቴ ጎህ ሳይቀድ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆማ ነው የምትቀሰቅሰን። የዚያን እሑድ የቀሰቀሰኝ ግን የመስኮቱ ፀሐይ ነው። ደንግጬ በባዶ እግሬ ወደ ቤዝመንት ወረድኩ። እናቴ አፏን ከፈት አድርጋ ታንኮራፋለች። የራስጌ መብራቷ ገመድ ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ ነው። ገመዱን አየሁት፣ እሷን አየኋት፣ አለቀስኩ። ከዚያ በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ።

"ቅዳሴ አስመለጥሽኝ! ምናለ ብትቀሰቅሺኝ?" እያለች ስትቆጣኝ ዋለች። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ቁጣ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወደ ማታ ላይ ከታች ጠራችኝ።

"ትርፍ የልብስ መስቀያ የለሽም?"

ወደ ክፍሌ ሮጥኩና ልብሴን ከየመስቀያው እያወጣሁ አልጋ ላይ ጣልኩት፤ ቁም ሣጥኔ ውስጥ የነበረውን መስቀያ ሁሉ አቅፌ ወረድኩላት።