ከፎቶው የጎደሉት እናት

በመጀመሪያ ቀኝ ዓይኔን አሳከከኝ። የጂንካ አቧራ ነው ብዬ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ሻጩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «አለርጂ ነው እህቴ፣ ይቺን ጠብ አድርጊባት» ብሎ ዴክሳሜታዞን የሚባል የዓይን ጠብታ ሰጠኝ። በማግስቱ ለቀቀኝ። ማሳከኩ በተመለሰ ቁጥር እኔም ወደ ሻጩ ተመለስኩ። የሐኪም ማዘዣ የታለ ያለኝ የለም። ወራት አለፉ።

በዚያው ሰሞን ፎቶ ማንሳት በርቀት እማር ነበር። ትምህርቱ በስልክ ይመጣልኛል፤ ቤቴ ሆኜ አነባለሁ፣ በካሜራዬ አነሳለሁ፣ ለአስተማሪው እልካለሁ። የብርሃኑ ነገር ቶሎ ገባኝ። አስተማሪው ግን ደጋግሞ «በስተግራ ያለውን እየቆረጥሽ ነው። ከመጫንሽ በፊት አራቱንም ማዕዘን እዪ» ይለኛል። ተናደድኩ። አይቻለሁ እኮ!

የመጀመሪያ ሥራዬ ቀይ አፈር ከተማ የተደገሰ ሰርግ ነበር። ፎቶውን ሳስረክብ የሙሽራው እናት አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ እኔ በዚያ ቀን አልነበርኩም እንዴ?» አሉኝ። በግራ በኩል ከልጃቸው አጠገብ ቆመው ነበር። ፎቶው ላይ የቀረው ትከሻው ላይ ያረፈው እጃቸው ብቻ ነው።

በካሜራው ቀዳዳ የማየው በቀኝ ዓይኔ ነው። ቤት ገብቼ ግድግዳውን ፊት ለፊት እያየሁ ግራ ዓይኔን ጨፈንኩ። በስተግራ ያለው በር ጠፋ። ቀኙን ጨፈንኩ። በሩ ተመለሰ።

ሆስፒታል ሄድኩ፤ የዓይን ሐኪሟ የዓይኔን ግፊት ለካች። ስለ ጠብታው ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«ግላኮማ ነው» አለች። «ጠብታው ግፊቱን ጨምሮ ነርቩን ጎድቶታል። የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ግን እንጠብቃለን።»

አለቀስኩ። ከዚያ ተቃጠልኩ፤ እስከ ዛሬም አልበረደልኝም። መድኃኒት እንደ ከረሜላ ይቸረቸራል? ዓይን የባጃጅ ጎማ ነው፣ ሲበላሽ የሚቀየር?

አሁን ግፊት የሚያወርደውን ጠብታ ጠዋትና ማታ እየጨመርኩ፣ ቀጠሮዬንም ሳላጓድል፣ ካሜራውን ወደ ግራ ዓይኔ አዛውሬ ትምህርቱን እንደ አዲስ ጀምሬ ጨርሻለሁ። ቀይ አፈር ተመልሼም እናትየውን ከልጃቸው ጋር አነሳኋቸው። አራቱንም ማዕዘን አይቼ ነው የተጫንኩት። «አሁን አለሁ» ብለው ሳቁ። የሰርጉን ቀን ግን ልመልስላቸው አልቻልኩም።

ሐኪሟን አመሰግናለሁ። ያን ነዝናዛ አስተማሪዬንም ጭምር። እናንተ ግን አንዳንድ ጊዜ አንዱን ዓይን ጨፍናችሁ በሌላው እዩ፤ ጤነኛው የታመመውን ይሸፍንለታልና። ዓይናችሁን ሳያይ የዓይን መድኃኒት ከሚዘረጋላችሁ ሰው እጅም አትቀበሉ።