ውቢት ለባሏ ስታስተረጉም

ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን በሚባለው ሰፈር ውስጥ ውቢትን የማያውቅ አበሻ አልነበረም። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገብታ እንግሊዝኛውን ከማንም ቀድማ ስለለመደች፣ የመንግሥት ድጎማ የሚሰጥበት ዌልፌር ቢሮም ሆነ ሐኪም ቤት ቋንቋ የቸገረው ሁሉ እሷን ይዞ ይሄዳል። እሷም ደስ ይላታል። ትንሽ ኩራትም ነበረባት፤ ምን ይደበቃል።

እንደ ፈረንጆቹ በ1996 ግን ተራው የባሏ ሆነ። አስማማው በልጅነቱ ቶንሲል ያሠቃየው ሰው ነው። ያ ቶንሲል ልቡን ነክቶት ኖሮ፣ አሁን ከልቡ በሮች በአንዱ ላይ ባክቴሪያ ሰፈረበት። ሆስፒታል አስተኝተው በደም ሥሩ መድኃኒት ይሰጡት ጀመር። ትኩሳቱ በረድ ይልና ተመልሶ ይነሳል። አንድ ጠዋት የምታክመው ሐኪም ሳታድበሰብስ ተናገረች፤ ባክቴሪያው መድኃኒት የተላመደ ነው፣ የቀየሩለትም አልበገረውም፣ የልቡን በር እየበላው ስለሆነ በኦፕሬሽን ካልተቀየረ አይተርፍም አለች። ውቢት ወደ ባሏ ዞረች።

«እየተሻለህ ነው ትላለች» አለችው።

አይፈረድባትም። እኛ ዘንድ ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ በፊቱ አይነገርም፤ ዘመድ ሰምቶ በሆዱ ይይዘዋል። ውቢት ግን አብሯት የሚይዝላት ዘመድ እዚያ አገር አልነበራትም። ስለ ኦፕሬሽኑም «ለጥንቃቄ ነው» ብላ አለፈችው።

አስማማው ደስ አለው፤ ደስ ስላለውም እምቢ አለ። ከተሻለኝ ደረቴን ምን ያስቀድደኛል፣ ይልቅ ቤቴ ውሰጂኝ አላት። ይሄንን ለሐኪሟ በትክክል አስተረጎመችላት። ሐኪሟም ውሳኔው የእሱ ነው፣ ጊዜው ግን እያለፈ ነው ብላ ወጣች። ውቢት ባክቴሪያው ወደ ሌላ በሽተኛ እንዳይሄድ ያስጠለቋትን ጓንት እያየች ቁጭ አለች። ለደግ ብላ የተናገረችው ቃል ባሏን ሊገድልባት ነው። በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም።

«አስማማው፣ ዋሽቼሃለሁ» አለችው። «አልተሻለህም። መድኃኒቱ እምቢ ብሏል። ኦፕሬሽኑ ካልተደረገልህ ትሞትብኛለህ።»

አስማማው ከትራሱ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ሐኪሟን ጥሪልኝ አላት። ሐኪሟ ስትመጣ ደረቱን በእጁ እያሳየ፣ ባለችው እንግሊዝኛ እሺ፣ ቅደዱት አለ። የቀረውን በአማርኛ ጨረሰው።

«ንገሪያት፤ ሚስቴ በጣም ትወደኛለች። ስለዚህ ሌላ አስተርጓሚ ያምጡልኝ።»

ውቢት እንባዋን በክንዷ ጠርጋ፣ አንድም ቃል ሳታስቀር አስተረጎመችው።