ሁለቱም ወገን ያመነው ሰው

የነዋሪዎች ማኅበሩ አባላት «ገመዴ» ይሉታል። ስም አጥቶ አይደለም። ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ከገመድ ጋር ሲታገል ያላየው ስለሌለ ቅጽል ስሙ ወጣለት፣ በዚያው ቀረ። አራቱ ሕንፃዎች በጋራ ገዝተው የሚጠቀሙበትን የኢንተርኔት መስመር የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ማስተዳደር ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ልጆች ፊልም ሲቋረጥባቸው የሚጮሁበት፣ ሽማግሌዎችም የገዛ ስልካቸው ጠፍቶ ሳለ «መስመሩን ምን አደረግከው?» ብለው የሚቆጡት እሱን ነው። የክፍሏ በር አይዘጋም፤ ከተዘጋ ማሽኑም እሱም ይታፈናሉ።

ይህ ሰው የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ መሄድ። ሚስቱ አዋላጅ ነርስ ናት። ሌላ ከተማ ወዳለ ሆስፒታል ተዛውራ፣ ትንሿን ልጃቸውን ይዛ ከሄደች ዓመት አልፏታል። አሁን እሱም በዚያው ሆስፒታል የኮምፒውተር ጥገና ሥራ አግኝቷል። የጎደለው ከማኅበሩ የሚሰጠው መልቀቂያ ብቻ ነው። ሆስፒታሉ ያለ መልቀቂያ አንቀጥርም፣ ቦታውንም ከዚህ ወር በላይ አናቆይም ብሏል። ማኅበሩ ደግሞ «እስከ ጠቅላላ ጉባኤው ታገሠን» አለው። ታገሠ። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ሲያወራው እሱ ሲኖርበት ነው የኖረው።

ዝምታ ግን ይነቅዛል። የእሱ ከነቀዘ ቆይቷል። የማኅበሩ ኮሚቴ የሚመረጠው በስልክ፣ በዚያው በእሱ መስመር በሚላክ ድምፅ ነው። ባለፈው ምርጫ ዕለት ሊቀመንበሩ፣ ድምፃቸው የለዘበ ጡረተኛ የጉምሩክ ሹም፣ ጎንበስ ብለው ወደ ክፍሏ ገቡና «ልጄ፣ የኋለኛውን ሕንፃ መስመር ትንሽ ቀነስ አድርግላቸው» አሉት። የኋለኛው ሕንፃ የተፎካካሪያቸው የርዕሰ መምህርቷ ደጋፊዎች የሚኖሩበት ነው። ቀነሰላቸው። ግማሹ ሰው ድምፁን ሳይልክ ሰዓቱ አለፈ፣ ሊቀመንበሩ አሸነፉ፣ ጥፋቱም በዝናቡ ተሳበበ። ከዚያ ወዲህ የኋለኛው ሕንፃ ሰው ሰላም ባለው ቁጥር ያፍራል።

ጉባኤው የተጠራው እሑድ ጠዋት፣ በምድር ቤቱ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበር። የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፤ ቀድሞ የመጣ ተቀመጠ፣ የዘገየ የሰው መኪና ተደገፈ። አጀንዳው የአዲሱ ምርጫ አካሄድ ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ብለው ጀመሩ ርዕሰ መምህርቷ። «ሊቀመንበሩ ይወዳደራሉ። የመስመሩ ቁልፍ በእሳቸው እጅ ነው። ድምፁም የሚያልፈው በዚያው መስመር ነው። ታዲያ ይሄ ምርጫ ነው? በወረቀት ይሁን።»

«ወረቀቱንስ ማን ይቆጥረዋል?» አሉ ሊቀመንበሩ በዚያ በለዘበ ድምፃቸው። «ሰው አይደል? ሰውን ካላመናችሁ ወረቀት ምን ያደርግላችኋል?»

«ወረቀት ቢያንስ ዝናብ ሲመጣ አይቋረጥም» አለ አንዱ ከኋላ፤ የኋለኛው ሕንፃ በሙሉ ሳቀ። ገመዴ መሬት መሬት አየ።

ክርክሩ ከረረ። መስመሩ የማን ነው፣ ፍጥነቱን ማን ይወስናል፣ ማን ምን እንደከፈተ የሚያይ ሰው አለ ወይ እየተባለ አንዱ ሲያነሳ አንዱ ሲጥል፣ ከሁለተኛው ሕንፃ ባለ ፋርማሲው ተነሳ። ጠብ ሲያይ ራሱን የሚያመው ሰው ነው።

«ወገኖቼ፣ ለምን እንናከሳለን? ዋናው የይለፍ ቃል ከኮሚቴው እጅ ይውጣ። የማንም ወገን ያልሆነ ሰው ይያዘው፣ ድምፁንም እሱ ይቁጠር። አንደኛው ወገን ተነስቶ እንዳያባርረው ደግሞ፣ ሁለቱም በተኪው ሳይስማሙ ከቦታው አይነሳ።»

ጭብጨባ ሆነ። «ማን ይሁን?» ሲባል ያ ሁሉ ሰው አንገቱን ወደ ገመዴ አዞረ።

ሁለቱ ወገኖች የግቢውን በር ምን ቀለም እንቀባው በሚለው እንኳ ሳይስማሙ በሩ ዝጎ የቀረባቸው ሰዎች ናቸው። በተኪ ይስማሙ ማለት፣ ገመዴ እዚሁ ያርጅ ማለት ነው።

«እኔ እኮ ልሄድ ነው» አለ ተነስቶ። «ሚስቴ ጋ። መልቀቂያ ጠይቄያለሁ።»

«ትሄዳለህ እንጂ፣ ማን ያዘህ?» አለ ባለ ፋርማሲው በፍቅር። «በተኪህ እንደተስማማን በማግሥቱ።»

ሳቁለት። ለሚወዱት ሰው የሚሳቀውን ሳቅ ነበር የሳቁት፤ ያ ነው ያንገበገበው። አንድ መውጫ ብቻ እንደቀረው ገባው፦ ጥፋቱን መናዘዝ። እስር ቤትም ቢያስገባው፣ ስሙም ቢበላሽ፣ እንዲህ ያለውን ሰው አንድም ማኅበር ቁልፍ አያስይዝም።

«የማንም ወገን ያልሆነ ብላችኋል» አለ። «ባለፈው ምርጫ የኋለኛውን ሕንፃ መስመር የቀነስኩት እኔ ነኝ። ዝናብ አይደለም። ሊቀመንበሩ ቀንስ አሉኝ፣ ቀነስኩ።»

ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም። ቀስ ብለው ተነሱና እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣሉ።

«አያችሁ?» አሉ። «ሚስቱና ልጁ ናፍቀውት የገዛ ስሙን በጭቃ ይለውሳል። እኔንም ጨመረኝ፣ ግድ የለም፣ ይቅር ብዬዋለሁ። ለቤተሰቡ እንዲህ የሆነ ሰው ለእኛ አይታመንም?»

ገመዴ የመጨረሻ ተስፋውን ርዕሰ መምህርቷ ላይ ጣለ። የተበደሉት እሳቸው ናቸው፤ ያምኑታል። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ቆዩና «እኔም አላምንም» አሉ። «ልጁ መሄድ ስለፈለገ ነው።»

እጅ ወጣ። የተቃወመ አልነበረም። ማኅበሩ ከተቋቋመ ወዲህ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ነገር ሲስማሙ የመጀመሪያው ነው፤ ሰዎቹ ተደስተው ተቃቀፉ፣ እሱንም አቀፉት።

ወንበር ሲሰበሰብ ርዕሰ መምህርቷ ከአንድ መኪና ጀርባ ለብቻው አገኙት።

«እትዬ፣ እውነቴን ነው እኮ» አላቸው።

«አውቃለሁ። የዚያን ቀንም ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ አሉ?»

«አምናለሁ ብል ሊቀመንበሩ ዛሬውኑ ያባርሩህና የወንድማቸውን ልጅ ያስቀምጡበታል። ሰው ሁሉ ያመነው አንተን ነው፣ እሳቸውን አይደለም። እኔ ደግሞ አጥፍቶ የሚጸጸት ሰው ይሻለኛል፤ ሁለተኛ አይደግመውም። ደግሞም እሳቸው የሚያውቁብህን አሁን እኔም አውቃለሁ።» ክንዱን ቸብ አደረጉት። «ተኪ ሲገኝ እንነጋገራለን፣ ልጄ።»

ከዚያ በፊት ያሰሩት ሊቀመንበሩ ብቻ ነበሩ። ሰው እውነት ተናግሮ ሁለተኛ አሳሪ ሲያተርፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ንዴቱን የሚያወጣበት አጥቶ ወደ ክፍሏ ገባ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን ዘጋው፣ ሙቀቱ አላስቀምጥ ሲለው መልሶ ከፈተው። ከዚያ ሚስቱ ጋ ደወለ። ፊቷ በስልኩ ላይ ጥርት ብሎ መጣ።

«ነገርካቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«ያንን የምርጫውንም?»

«ያንንም።»

«እና?» አለች። «ለቀቁህ?»

«መረጡኝ።»

ሚስቱ ዓይኗን ከስልኩ ላይ አነሳች፤ የሚታየው ጆሮዋና የነርስ ልብሷ አንገት ብቻ ሆነ። ትንሿ ልጅ ከክንዷ ሥር ብቅ አለች።

«አባዬ፣ ተመረጥክ?»

«አዎ፣ የኔ እናት።»

«ሁሉም ሰው እጁን አወጣልህ?»

«ሁሉም።»

ልጅቷ በትምህርት ቤቷ የክፍል አለቃ ሲመረጥ እንደሚደረገው አጨበጨበችለት። «እንኳን ደስ አለህ» አለችው።

እሱም «አመሰግናለሁ» አላት።