ሰው የሌለበት መግለጫ

የሕዝብ ግንኙነት ትምህርት ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ መምህራችን እያንዳንዳችን ብሎግ እንድንከፍት አዘዙን። በየሳምንቱ አንድ ድርጅት ያወጣውን መግለጫ ወስደን ምኑ ጥሩ፣ ምኑ ደካማ እንደሆነ እንጽፋለን። «መጽሐፉን ለጊዜው ተዉት፤ እዚሁ ከተማ ውስጥ የሚሠራውን እዩ» አሉን።

እኔ የመረጥሁት በጣና ላይ ሰውና ዕቃ የሚያመላልስ የአንድ ጀልባ ድርጅት መግለጫ ነበር። እስከ ዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ። «ወደ ቁንዝላ ሲጓዝ በነበረ ጀልባችን ላይ ባጋጠመ አደጋ የአንድ ሠራተኛ ሕይወት አልፏል። ሁኔታው በቁጥጥር ሥር ውሏል። አገልግሎታችን አልተቋረጠም።»

አደነቅሁት። አጭር፣ ፈጣን፣ ደንበኛን የሚያረጋጋ ነው ብዬ ጻፍሁ። መምህሩ ጽሑፌን ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው አነበቡት፤ ተጨበጨበልኝ።

በሳምንቱ ከጽሑፉ ሥር አንድ አስተያየት አገኘሁ። «አንድ ሠራተኛ ያልሽው ወንድሜ ነው። እኔ ባሕር ዳር ነው የምሠራው። ጽሑፍሽን ለአባቴ አነበብሁላቸው፤ ሊያገኙሽ ይፈልጋሉ።»

ቀኑን ሙሉ ስልኬን እየከፈትሁ እነዚያን መስመሮች አየሁ። ቅዳሜ ጠዋት አስተያየቱን ከጻፈችው እህቱ ጋር ወደ ቁንዝላ ተሳፈርሁ፤ በዚያው ድርጅት ጀልባ። በሰዓቱ ተነሣ። መሐል ሐይቅ ስንደርስ ልጅቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ አቀረቀረች። ቦታው እዚህ ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም። ከዚያ በኋላ ግን ውኃውን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

አባቷ የቅኔ መምህር ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። «የኔታ» ብዬ እጅ ነሣሁ።

«እስኪ አንብቢልኝ፣ ልጄ። ከራስሽ አፍ ልስማው።»

አነበብሁ። መግለጫው ጋ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«በቁጥጥር ሥር የዋለው ምንድን ነው?»

«ሁኔታው፣ የኔታ።»

«ሁኔታው ማን ነው? ልጄ ነው? ጀልባው ነው?»

ስልኬ ላይ መስመሩን ደግሜ አየሁት።

«እኔ ተማሪዎቼን የዓረፍተ ነገሩን ማሰሪያ አንቀጽ ስታገኙ ባለቤቱን ፈልጉ እላቸዋለሁ። እዚህም ፈለግሁ። አንዱ ላይ ሕይወት፣ አንዱ ላይ ሁኔታ፣ አንዱ ላይ አገልግሎት ይላል። ሰው የለበትም።» ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢቆጡኝ በወደድሁ። «አስከሬኑን አላገኘነውም። ማለፉን ያየው ማን ነው? ገመድ የወረወረለት አለ? ምን ያህል ፈለጉት? ይህን ጠይቀሻል?»

«አልጠየቅሁም፣ የኔታ።»

«እንግዲያ ጥሩ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

ሰኞ ወደ ድርጅቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ደወልሁ። ማን እንደሆንሁ ስነግረው ድምፁ በደስታ ሞቀ። «ጽሑፍሽን እኮ ገጻችን ላይ አውጥተነዋል! በጣም እናመሰግናለን።» የየኔታን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ጠየቅሁት። «ጉዳዩ ተዘግቷል» አለና ስልኩን ዘጋው።

ጽሑፌን ከብሎጌ አጠፋሁ። እነሱ ፎቶ አንሥተው የለጠፉት ግን ገጻቸው ላይ ቀረ፤ ሰዎች ከሥሩ አውራ ጣት ያስቀምጡበት ነበር። በምትኩ የየኔታን ጥያቄዎች ብቻ ጻፍሁ፤ ምንም አስተያየት ሳልጨምር። መምህራችን ቢሯቸው አስጠሩኝ።

«ይህ ትንተና አይደለም» አሉኝ። ስክሪኑን ብዙ ጊዜ ሲመለከቱ ቆዩ። «ግን አታጥፊው።»

ከድርጅቱ መልስ አልመጣም። ተመርቄ አሁን እኔም በአንድ መሥሪያ ቤት መግለጫ እጽፋለሁ። ረቂቁን ስጨርስ ጮክ ብዬ አነብበዋለሁ፤ ያኔ አንድ ሰው ከጀርባዬ እጁን ያነሣ ይመስለኛል፤ ዘወር እላለሁ፤ ማንም የለም።

ባለፈው እህትየዋን ገበያ አገኘኋት። የኔታ እንዴት እንደሆኑ ጠየቅኋት።

«ደኅና ናቸው። የከሰዓት ጀልባ ሲደርስ ግን ማስተማራቸውን ያቆማሉ። ሐይቁ ዳር ወርደው የመጨረሻው ተሳፋሪ እስኪወርድ ይጠብቃሉ። ከዚያ ተመልሰው ካቆሙበት ይቀጥላሉ።»

«በየቀኑ?»

«ጀልባው በመጣ ቁጥር።»

የሽንኩርት ከረጢቷን በአንድ ጎን ያዝሁላትና እስከ ባጃጁ ድረስ አብረን ሄድን።