ስንጥቅ የሸፈነ ቀለም

ሞተረኞች ባለቤቴን «ጋሽ መስታወት» ይሉታል። እሱ የቀባው የነዳጅ ታንክ ላይ ፊትህን እያየህ ጢምህን ትላጫለህ ለማለት ነው። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር «አንተ» ከማለት በቀር ሌላ ስም አውጥቼለት አላውቅም። ሲያናድደኝም «አንተ» ነው፣ ሲያስደስተኝም «አንተ» ነው፤ ልዩነቱን ከድምፄ ያውቀዋል።

ዝምተኛ ነው። ከአፉ አንድ ቃል ማውጣት ጥርስ ከመንቀል አይተናነስም። ቀለም ቤታችን መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ በስተኋላዋ ያለው በር በቀጥታ ወደ መኖሪያችን ያስገባል። እሱ አፍና አፍንጫውን በጨርቅ አስሮ ውስጥ ይቀባል፣ እኔ ደጃፉ ላይ በርጩማ አውጥቼ ደንበኛ አስተናግዳለሁ። ማን ምን እንዳመጣ፣ መቼ እንደሚወስድ፣ ሚስቱ እንዴት እንደሆነች፣ እናቱን ምን እንዳመማት፣ ሁሉንም በቃሌ እይዛለሁ። ደብተር የሚባል ነገር ኖሮን አያውቅም። «ደብተሬ እሷ ናት» ይላል፣ መናገር ያማረው ቀን።

ስሙን ያስጠራው ግን ታንክ አይደለም፣ ሄልሜት ነው። ሞተረኛ ይወድቃል፣ ሄልሜቱ ይሰነጠቃል፣ ይዞልን ይመጣል። የኔ ሰው ስንጥቁን በቢላ ጫፍ ከፈት አድርጎ ያጸዳዋል፣ በማጣበቂያ ይይዘዋል፣ ስቱኮ ይሞላዋል፣ ደርቆ ሲያበቃ በብርጭቆ ወረቀት ያሸዋል። ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ እየዳሰሰ ስንጥቁን እስኪያጣው ድረስ ያሸዋል። ከዚያ ይቀባዋል። ሲጨርስ ከኋላ፣ ከጠርዙ በላይ፣ ሦስት ትንንሽ ነጭ ነጥቦች ያደርግበታል። ፊርማው መሆኗ ነው። ባለቤቱ ሲመጣ አገላብጦ አይቶ «ኧረ ጋሼ፣ ይሄማ ከአዲሱ ይበልጣል!» ይላል። እኔም ደረቴን ነፍቼ «ታዲያስ!» እላለሁ። ማናችንም ውስጡን አይተን አናውቅም። ውስጡማ ጨርቅ ነው፣ ከጨርቁ ስር ነጭ ፎም ነው፤ ማን ፎም ያያል?

አንድ ልጅ አለችን። ከብት ከታቢ ናት። በሞተር ከመንደር መንደር እየዞረች ላምና በሬ ትወጋለች፤ ኮርማ ቢያጓራባት ቆማ የምትሰድበው እሷ ናት። አፏ እኔን ነው የወሰደው። ሞተር ላይ ስትወጣ ግን ቀልድ አታውቅም። ወፍራም ጃኬት፣ ጓንት፣ የጉልበት መከላከያ፣ ረጅም ቦት ጫማ፣ ሄልሜት። በዚያ ሁሉ ሐሩር አንዱን አታወልቅም። «ልጄ፣ ተቀቅለሽ ልትሞቺ ነው» ስላት «ላብ እኮ ይታጠባል እማዬ» ብላኝ ሞተሯን ታስነሳለች።

አንድ ቀን ወንዝ ስትሻገር ሞተሩ ተንሸራቶ ጣላት፣ ጭንቅላቷ ከድንጋይ ጋር ተላተመ። ተነሳች፣ ልብሷን አራገፈች፣ የቀሩትን ከብቶች ከትባ መጣች። እሷ ምንም አልሆነችም። ሄልሜቷ ግን ከጆሮዋ በላይ ጀምሮ እስከ ማጅራቷ ተሰንጥቋል። መሥሪያ ቤቷ ሌላ እስኪሰጣት ጊዜ ይወስዳል አሏት። ስለዚህ አባቷ ጠገነው። ሰማያዊ ቀባው፣ ሦስቱን ነጥቦች አደረገበት፣ ሰማይ የመሰለ ነገር ሆነ። ስለዚያ ቀን የደበቅኩት አንድ ነገር አለ። እመጣበታለሁ፤ አሁን አፌ እሺ አይለኝም።

ከሁለት ወር በኋላ ጠጠር የፈሰሰበት መታጠፊያ ላይ ወደቀች። እየበረረች አልነበረም፣ ቀስ ብላ ነበር የምትነዳው ይላሉ ያዩት። ሆስፒታል ስንደርስ መጀመሪያ ያየሁት እጆቿን ነው። አንዲት ጭረት የለባቸውም። ጓንቱ መዳፉ ላይ ተፈግፍጎ አልቋል፣ መዳፏ ግን ደህና ነው። ቦላሌዋ ተቀዷል፣ ጉልበቷ ደህና ነው። የጃኬቷ ክርን ተበልቷል፣ ክርኗ ደህና ነው። «እሰይ፣ ልጄ ተርፋለች!» ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ቀና ስል ጭንቅላቷን የጠቀለሉበትን ፋሻ አየሁ።

ነርሱ ሰው አክባሪ ልጅ ነው። ዕቃዋን የያዘውን ፌስታል ሊሰጠን ሲል ሄልሜቱን አወጣና ለባለቤቴ አሳየው። ድሮ በተሰነጠቀበት በዚያው ተከፍቷል፤ መሃሉ ላይ የደረቀው ስቱኮ ይታያል።

«አባቴ፣ ይሄ ሄልሜት ከዚህ በፊት ወድቆ ነበር እንዴ?»

«አዎ» አለ ባለቤቴ።

«ምቱን የሚቀበለው እኮ ውስጥ ያለው ፎም ነው። አንዴ ከተጨፈለቀ አለቀ፣ ተመልሶ አይነፋም። ላዩ ቢያምር ምን ያደርጋል? ያኔውኑ መጣል ነበረበት።»

ማን እንደጠገነው አያውቅም። ክፉ ሊናገርም አልፈለገም። ባለቤቴ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔ ፌስታሉን ተቀብዬ ደረቴ ላይ አቀፍኩት። ቤት ወስጄ አልጋ ስር አስገባሁት፣ የት እንዳደረግኩት ሲጠይቀኝም አልነገርኩትም።

አልሞተችብኝም፤ ይህን ሳልናገር ብቀር ግፍ ይሆንብኛል። ግን ከሆስፒታል ወጥታ ቤት ስትገባ ቀኝ እጇ መርፌ መያዝ አቅቶታል፣ ቃላትም ጠፍተውባታል። ጨው ስትፈልግ «ያ... ያ ነጩ» ትላለች። ማንኪያ በእጇ ይዛ ምን እንደሚባል ትጠይቀኛለች። ሰው አትረሳም፣ የምትሰማውም አያመልጣትም፤ ቃሉ ነው እምቢ የሚላት። ያቺ ኮርማ የምትሰድብ ልጅ!

እኔና አባቷ ሆድና ጀርባ ሆንን። ምግቡን አቀርብለታለሁ፣ አላናግረውም። አንድ ጊዜ ብቻ አፌን ከፈትኩ፤ «እጅህ ይቆረጥ!» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣ እጁን አየ።

አንድ ማለዳ ሁለት ሰዎች የቀለም መርጫውን ኮምፕሬሰር በጋሪ ጭነው ሲወስዱት አየሁ። ሃያ ዓመት የሠራበት ዕቃ ነው። ሸጦታል። አዳዲስ ሄልሜቶች ገዝቶ ቀለም ቤቱ ውስጥ ደርድሯል። እኔን ሲያይ መጣና ፊት ለፊቴ ቆመ፤ በዕድሜው እንደዚያ ረጅም ንግግር ተናግሮ አያውቅም።

«የጠገንኳቸው ሄልሜቶች መንገድ ላይ ናቸው» አለኝ። «ለእነማን እንደሰጠሁ እኔ አላውቅም፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ከነሱ አንዱ ነገ ይወድቃል። እናት አለችው፣ ልጆች አሉት። እኔን ጥዪኝ፣ መብትሽ ነው። ግን ማን ማን እንደሆኑ ንገሪኝ።»

ዝም ልለው ፈልጌ ነበር። እውነቴን ነው፣ ልቀጣው ፈልጌ ነበር። ግን የሰው ልጅ ፊት ድቅን አለብኝ፤ ዳቦ አከፋፋዩ፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ መምህሩ... ጣቴን እያጠፍኩ ቆጠርኩለት። ዛሬም የሚያደርጉት አሥራ አንድ ሆኑ።

አብሬው ወጣሁ፤ ቤታቸውን የማውቀው እኔ ነኝና። እሱ መዶሻና አዲስ ሄልሜት ይይዛል፣ እኔ በር አንኳኳለሁ። ዳቦ አከፋፋዩ ነገሩን ሲሰማ ሳቀብን። «ጋሼ፣ የገዛ እጅዎን ሥራ ሊሰብሩ? ምነው፣ ፀሐይ መታዎት እንዴ?» አለ። ባለቤቴ የውስጡን ጨርቅ ገልብጦ ፎሙን አሳየው፣ ከዚያ የሰውዬውን አውራ ጣት ይዞ አንዱ ቦታ ላይ አሳረፈው። ፎሙ እንደተረገጠ ሣር ተኝቷል። ዳቦ አከፋፋዩ «በዚህ ነው እንዴ እስከ ዛሬ የምከንፈው?» አለ፣ ሳቁ ጠፍቶ። መዶሻውን ከባለቤቴ እጅ ተቀብሎ ራሱ ሰበረው።

እንዲህ እያልን ዞርን። መምህሩ ግማሽ ቀን ተከራከረን፣ በመጨረሻ ሰጠን። ቧንቧ ሠራተኛው አዲሱን ሲያይ ሁለት ስጡኝ አለ። አንዱን ሰው ግን አላገኘነውም። ከተማ ቀይሯል አሉን፣ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ዛሬም ሞተር ባለፈ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ወደ ነጂው ማጅራት ነው፣ ሦስት ነጥብ ፍለጋ።

መጨረሻ የቀረን ፖስተኛው ነበር። ሐኪሟ ከሰው ጋር ትዋል ስላለን የዚያን ቀን ልጃችንንም ይዘናት ሄድን። ፖስተኛው ደብዳቤ ማደል ከመጀመሩ በፊት ሴት ልጁን በሞተር ትምህርት ቤት ያደርሳል። ደጃፋቸው ላይ ደረስንባቸው። ሕፃኗ ሄልሜቷን አድርጋ፣ ቦርሳዋን አንግባ ቆማለች። ሄልሜቷ ላይ ባለቤቴ ስንጥቁን ሞልቶ የሳላቸው ቢጫ አበቦች አሉ።

ፖስተኛው በትዕግሥት አዳመጠንና ራሱን ወዘወዘ። «እትዬ፣ እውነት ነው አልልም፣ ውሸት ነውም አልልም። ግን ይህቺ ልጅ ሄልሜት አላደርግም ብላ ስንት ቀን አስለቅሳኛለች። ያለመድኳት በዚህ አበባ ነው። ይሄን ከወሰዳችሁብኝ ነገ በባዶ ራሷ ነው የምትሄደው።»

ባለቤቴ መዶሻውን ከጀርባው ደበቀ። ልጄ ናት የተንቀሳቀሰችው። ሕፃኗ ፊት ቁጢጥ አለችና ትንሿን እጅ ይዛ ከራሷ ሻሽ ስር አስገባችው። አጥንቷ ጎድጎድ ያለበት ቦታ ላይ አሳረፈችው።

«የኔም» አለች። ቃሉን ፈለገች፣ ጠበቅናት። «የኔም... ሰማያዊ... ያምር ነበር።»

ሕፃኗ እጇን ቀስ ብላ አወጣች። ከዚያ ማሰሪያውን ራሷ ፈታች፣ ሄልሜቱን አውልቃ ለልጄ ሰጠቻት። «አዲሱ ላይ የሚለጠፍ አበባ እኔ አመጣልሻለሁ፣ የኔ ቆንጆ» አልኳት። «ቢጫ» አለችኝ።

ፖስተኛው ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞሮ፣ በክፋት አይደለም፣ እንዲያው ግራ ገብቶት፣ «ጋሼ፣ ግን የገዛ ልጅዎን... እንዴት አስቻለዎት?» አለው።

ባለቤቴ መሬት መሬት እያየ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ።

እሱን ስሰማ አላስቻለኝም። «የሱ ብቻ አይደለም» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «ያን ቀን ሄልሜቷን አገላብጦ አይቶ ‹ይሄንንስ ተዪው፣ አዲስ ብንፈልግላት ይሻላል› ብሎኝ ነበር። በሠላሳ ዓመት አንድ ጊዜ እጁን ተጠራጠረ። ‹ለሰው ልጅ ሲሆን እጅህ ወርቅ ነው፣ ለራስህ ልጅ ሲሆን ይዝጋል? ሰነፍኩ በለኛ!› ያልኩት እኔ ነኝ። ደንበኞች ፊት ነው ያልኩት፣ ሳቁበት። እሱም አንገቱን ደፍቶ ገባና ጠገነው። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!»

እነዚያን ሁሉ ወራት ሳኮርፈው፣ እጁን ስረግመው፣ አንድ ቀን እንኳ «አንቺ አይደለሽ እንዴ?» አላለኝም። ለልጃችንም አልነገረብኝም። እኔ ደግሞ ዝምታውን ተከልዬ ስኮንነው ከረምኩ።

ልጄን ማየት ፈራሁ። እሷ ግን መጥታ ክንዴን ያዘችኝ።

«አውቃለሁ» አለች። «የኋላው... በር... ክፍት ነበር።» ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች፣ ወደ አባቷ ቀሰረች፣ በመጨረሻ የራሷ ደረት ላይ አሳረፈችው። «ሦስታችንም» አለች። ሰምታን እያለ ነው ለካ አድርጋው የወጣችው።

ቤት ስንገባ ፌስታሉን ከአልጋ ስር አውጥቼ ለባለቤቴ ሰጠሁት። ሄልሜቱን አልሰበረውም። በመጋዝ ለሁለት ከፈለውና ግማሹን ደጃፋችን ላይ፣ በርጩማዬ አጠገብ ሰቀለው። ከጎን ስታየው ሰማያዊው ቀለም፣ ስቱኮው፣ ስንጥቁና የተኛው ፎም በየተራቸው ይታያሉ። እሱ አሁን የሰው በርና መስኮት በብሩሽ ይቀባል። ልጄ በግራ እጇ መጻፍ ጀምራለች፤ ሞተር የሚባል ነገር ግን ቀርቷል።

ሞተረኞች የተሰነጠቀ ሄልሜት ይዘው ዛሬም ይመጣሉ። ግማሹን አሳያቸዋለሁ፣ ጣታቸውን ፎሙ ላይ አሳርፋለሁ፣ አንዴ የወደቀ ሄልሜት ይጣላል እንጂ አይጠገንም እላቸዋለሁ። አንዳንዱ «እትዬ፣ ይሄን የመሰለ ነገር ‹ጠግነው› ያለ ማን ሞኝ ነው?» ይለኛል። «እኔ ነኝ» እላለሁ። ያን ስል የኋላውን በር አልዘጋውም፤ ልጄ ትሰማኛለች።