ፈረስ የማያውቅ ሰው ኮርቻ ሲያስተዋውቅ

እንጅባራ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ኤፍ ኤም ጣቢያ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ቴክኒሽያኑ የጆሮ ማዳመጫውን ራሴ ላይ ደፋና «ቀዩ መብራት ሲበራ ይናገሩ» አለኝ። መብራቱ ሲበራ ብድግ ብዬ እጅ ነሣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ መምህር ነበርኩ፤ አለቃ ሲመጣ መቆም ለምዶብኛል። ልጁ ከመስታወቱ ማዶ እጁን እያወራጨ «ጋሼ፣ ይቀመጡ! ማይኩ እታች ነው!» ይላል። አድማጭ ከእኔ መጀመሪያ የሰማው የወንበር ሲጥሲጥታ ነበር።

የሥራ መደቤ «ተባባሪ አዘጋጅ» ይባል ነበር። የጠዋቱን የገበሬዎች ዝግጅት እመራለሁ፤ በመሐሉ ማስታወቂያ እናገራለሁ። ማስታወቂያ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሙዚቃ ገብቶለት፣ ተቀርጾ የሚቀመጥ ነው። ሌላው አዘጋጁ በቀጥታ ሥርጭት፣ በገዛ አንደበቱ ዕቃውን የሚያመሰግንበት ነው። ነጋዴ የሚወደው ይህንን ሁለተኛውን ነው። «ጋሼ ወርቁ ካሉማ ሕዝቡ ይገዛል» ይሉኛል። እኔም አመንኳቸው። ሽማግሌ ሲሞገስ ጆሮው ወዲያው ይከፈታል።

የመጀመሪያ ሙገሳዬ ለፀጉር ቅባት ነበር። እኔ እንግዲህ ዝንብ ብታርፍበት የሚያንሸራትታት መላጣ ያለኝ ሰው ነኝ። ደግነቱ ሬዲዮ መላጣ አያሳይም። ቅባቱ ጫግኒ ላይ ሰው ተሻማበት፤ እንጅባራ ላይ ግን አቧራ ለበሰ። ባለሱቁ ግራ ገባው። ነገሩን የፈታችልን አንዲት በርበሬ ሻጭ ናት። «ጋሼ፣ ቅባቱ እንዲህ ደግ ከሆነ ለራስዎ ምነው ሰሰቱ?» አለችኝ፤ ዓይኗን ከአናቴ ሳትነቅል። ጫግኒ የሚያውቀው ድምፄን ብቻ ነው፤ እንጅባራ ደግሞ ከነራሴ ያውቀኛል።

ከዚህ ትምህርት ወስጄ ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር። ግን ኮርቻው መጣ።

ፈንታሁን ግምጃ ቤት የምትባለው ከተማ ልጅ ነው፤ ኮርቻ ይሠራል። አባቱ በአገሩ የታወቁ ኮርቻ ሠሪ ነበሩ። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ግን ገበሬው «የልጁ እጅ ደግሞ እስኪ ይታይ» እያለ ይሸሸዋል። ፈረሰኞች ለዓመታዊ በዓላቸው የሚሰበሰቡበት ጥር እየቀረበ ነው፤ የሱቁ ግድግዳ በኮርቻ እንደተሞላ ነው። ጥር ካለፈ ሱቁን ዘግቶ፣ መሣሪያውን ሸጦ፣ ጫግኒ የእህል መጋዘን ውስጥ ጆንያ ሊሸከም ወስኗል። ወደኛ የመጣው ለመጨረሻ ሙከራ ነው።

«ጋሼ፣ ይህን ሰው አደራ» አለችኝ የጣቢያው ኃላፊ ወይዘሮ ብርቱካን። እኔ ፊደል ያስቆጠርኳት ናት፤ ዛሬ አለቃዬ ናት።

«ግድ የለሽም፣ ልጄ። ለኮርቻው ክንፍ አበቅልለታለሁ» አልኳት።

በማግስቱ ማይኩን ይዤ ስለ ቆዳው ልስላሴ፣ ስለ እርካቡ ጥንካሬ፣ ስለ ሆድ ጠፍሩ አሰፋፍ ተረክሁ። «እንደ ፍራሽ ይመቻል!» ብዬ ሳልጨርስ ስልክ ተደወለ።

«ሃሎ፣ ጋሼ ወርቁ። አለልኝ ነኝ፣ ከአዲስ ቅዳም።»

«አቤት፣ አያ አለልኝ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እርስዎ ፈረስ ላይ ወጥተው ያውቃሉ?»

ሬዲዮ ላይ ዝምታ ነውር ነው። ያችን ዝምታ ልሙላ ብዬ «በግምጃ ቤት ገበያ ቀን ይምጡና በዓይንዎ ይዩኝ!» አልኩ።

አያ አለልኝ አጠገቡ ላለ ሰው በአዊኛ አንድ ነገር ሲል ሰማሁ። ከዚያ የብዙ ሰው ሳቅ መጣ። አዊኛዬ ደካማ ነው፤ ሳቁ ግን አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

ከስቱዲዮ ስወጣ ወይዘሮ ብርቱካን በር ላይ ቆማለች። «ጋሼ፣ ምን አደረጉ? በዚህ አገር በፈረስ ይቀለዳል?»

ፈንታሁን ደግሞ እየሮጠ መጣ። «ጋሼ፣ ከወደቁ ሰው እርስዎን አይወቅስም። የኔን ኮርቻ ነው የሚወቅሰው። ያኔ አበቃልኝ።»

የዚያን ጊዜ ነው ሳቄ የጠፋው።

በገበያው ቀን ፈረሱን ይዞልኝ የመጣው አገር የሚያውቀው ፈረሰኛ፣ ራሱ አያ አለልኝ ነው፤ ዳማ፣ ጆሮው የቆመ፣ የኔን ኑሮ ሁሉ ያወቀ የሚመስል ፈረስ። ፈንታሁን ኮርቻውን ጭኖ የሆድ ጠፍሩን በገዛ እጁ አጠበቀ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለየ ይሁን እየረገመኝ አላወቅሁም። ሰው ዙሪያውን ከበበ።

እኔን ወደ ላይ ለማውጣት ሦስት ሰው ደገፈኝ። ወደ ታች ለመምጣት ግን ረዳት አላስፈለገኝም። ሳልደላደል ልጓሙን ሳብኩ፤ ፈረሱ ዘለለ፤ እኔ የቀርከሃ ቅርጫት ክምር ላይ አረፍኩ። ባለቤቷ ወገቧን ይዛ «ቅርጫት ፈልገው ከሆነ በአፍዎ አይናገሩም?» አለችኝ።

አንድ ጎረምሳ ከሰው መሐል «ኮርቻው ጣላቸው!» ብሎ ጮኸ። ፈንታሁን ባለበት ቁጢጥ አለ።

ፈረሱ ያለ ጋላቢ ሜዳውን ዞረ፣ ቦዩን ዘለለ፣ የድንች ጋሪዎቹን ጥሶ አልፎ ተመልሶ መጣ። አያ አለልኝ ያዘው። በሆድ ጠፍሩ ሥር ጣቱን ሰደደ፤ ኮርቻውን በሁለት እጁ ወዘወዘ፤ ከወዲያም ከወዲህም አየ። ከዚያ ወደ ጎረምሳው ዞረ።

«ኮርቻውማ ይኸው፤ ከተጫነበት ንቅንቅ አላለም። የሄዱት ጋሼ ናቸው» አለው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ቅርጫት ውስጥ ሆኜ ሳቅሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? አያ አለልኝ ግን አልሳቀም። ዘሎ ወጣና ፈረሱን ሽምጥ አስጋለበው። ሲመለስ እርካቡ ላይ እንደቆመ ፈንታሁንን ቁልቁል አየው።

«የአባትህ እጅ ነው» አለ።

ፈንታሁን በጋቢው ጫፍ ፊቱን ጠረገ። አያ አለልኝ ያንኑ ኮርቻ ከፈረሱ ሳያወርድ ገዛው። ዙሪያውን የቆሙት ፈረሰኞች ለኔ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ሱቁ ሄዱ። ፈረሰኞቹ በጥር ሲሰበሰቡ የፈንታሁን ግድግዳ ባዶ ነበር። መሣሪያው ግን በቦታው ነበር፤ እስከ ዛሬም አለ።

ወይዘሮ ብርቱካን በማግስቱ መቅረጸ ድምፅ አስይዛ ወደ አያ አለልኝ ላከችኝ። አዲሱ ማስታወቂያ እሱ ስለ ኮርቻው ያወራው ሆነ። ለኔ የተረፈልኝ «ሱቁ ግምጃ ቤት ገበያው ዳር ነው» የምትለዋ ናት። ገበያተኛው ግን አልማረኝም፤ «ጋሼ የወደቁበትን ዓይነት ስጠን» እያለ ይገዛ እንደነበር ፈንታሁን ራሱ ነግሮኛል።

አሁን ማይኩን ለተረከባችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፦ የሬዲዮ ሰው ሙገሳ አድማጭን ከቤቱ አስነሥቶ ሱቅ በር ድረስ ያደርሰዋል። ከዚያ ወዲያ የሚገዛው በእጁ ዳስሶ፣ የሚያምነውን ጎረቤቱን ጠይቆ ነው።