ስሙ ያልተነገረኝ ሥር

ከመካነ ሰላም የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። አባቴ አውቶቡሱ ድረስ ሸኙኝና በጨርቅ የተቋጠረች የሥር ዱቄት እጄ ላይ አኑረው፣ «ደረትህን ሲያፍንህ በውኃ በጥብጠህ ጠጣ» አሉኝ። የምን ሥር እንደሆነ ስጠይቃቸው «ሂድ፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጥህ» አሉኝ። አገሬው መድኃኒት አዋቂ ይላቸዋል፤ ከከላላም ከወግዲም በበቅሎ ይመጡላቸዋል። የሥሩ ስም ግን ለልጅም ቢሆን ፊት ለፊት፣ በጆሮ ነው የሚነገረው። በየመንገዱ ስሙ የተጠራ ሥር ይረክሳል ይባላል።

እዚህ ጀርመን ያገኘሁት ሥራ፣ የዕፅዋት ጭማቂ እየፈተኑ የደከመ ልብን ይበልጥ የሚያደክመውን አንድ ኤንዛይም የሚገታ መፈለግ ነው። ትስቁብኝ ይሆናል፤ አባቴ በቋጠሮ የያዙትን በማሽን ልፈልግ ባሕር ተሻግሬ መጣሁ። ቋጠሮዋን ለማስፈተን የላቦራቶሪያችን ናሙና መዝጋቢ ዘንድ ሄድኩ፤ ያውም በቀጠሮ። እነሱ «ቴርሚን» ይሉታል፤ እንደኛ አገር ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለም፣ ቴርሚን ካልያዝክ ጎረቤትህም አይከፍትልህም።

«የተክሉ ስም?» አለችኝ።

«አልተነገረኝም።»

«ማን ያውቀዋል?»

«አባቴ።»

«ይጠይቋቸው እንጂ።»

«ጠይቄያለሁ፤ አይናገሩም።»

«ታዲያ ስለ ተክሉ ምን ያውቃሉ?»

«ጠዋት ማንንም ሳያናግሩ እንደሚቆፈር።»

ቅጹን ገልበጥ ገልበጥ አደረገችው። ለዚህ የሚሆን ክፍት ቦታ አልነበረውም።

ዱቄቱ ኤንዛይሙን ገታው። ደጋገምነው፣ ያው ነው። በብልቃጥ ውስጥ መግታትና ሰው ማዳን ለየቅል መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ውጤቱን አትሜ ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ ዱቄቱ አለቀ፤ አለቃዬም ስሙ ካልታወቀ ፍለጋው ይቆማል አለኝ። በዚያው ሰሞን እህቴ ደውላ የአባባ እግር እንዳበጠ፣ ቤተ ክርስቲያን እስኪደርሱ ሦስት ጊዜ እንደሚያርፉ፣ የደሴው ሐኪምም ልባቸው ደክሟል ብሎ ኪኒን እንዳዘዘላቸው ነገረችኝ። በጣም ፈራሁ። ስሙን ይዘውብኝ እንዳይሄዱ የፈራሁ መስሎኝ ነበር፤ የፈራሁት ግን እሳቸው እንዳይሄዱብኝ ነው።

ደወልኩላቸው።

«አባባ፣ የሥሩን ስም ይንገሩኝ። ምናልባት አንድ ቀን እንደርስዎ ላለውም ይሆን ይሆናል።»

«በስልክ?» ብለው ሳቁ፤ በሳቃቸው መሀል ትንፋሽ አጠራቸው። «ናና እነግርሃለሁ።»

«የመኖሪያ ፈቃዴ ሳይታደስ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም።»

«ይታደስልህ፤ እጠብቅሃለሁ።»

ባይጠብቁኝስ ማለት አቃተኝ። «እንግዲያው ለእህቴ ይንገሯት» አልኩ።

«እሷማ ታውቃለች። እንዳትነግርህ ያስማልኳት እኔ ነኝ።»

«ለምን አባባ?»

«ስሙን ካገኘህማ ምን ልታደርግ ትመጣለህ?»